ከጓሳ ዳር የተላከ

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የመንዝን ብርድ ግን አንተም ታውቀዋለህ። ይህን ያህል ጊዜ ሳንጻጻፍ የቆየነው በማን ጥፋት እንደሆነ አንከራከር፤ ሁለታችንም እልኸኞች ስለሆንን አያልቅም። እናትህን ገበያ ላይ አግኝቻቸው "የጓሳውን፣ የጥብቁን የሣር ምድራችሁን ነገር ይጠይቀኛል፣ እኔ ምን ብዬ ልንገረው?" ስላሉኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ያችን መንገድ አሁንም እሄዳለሁ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ተነስታ፣ በገብስ ማሳው ዳር አልፋ ወደ ገደሉ አፋፍ የምትወጣዋን። በመጀመሪያ የሚያጋጥሙኝ እንዝርታቸውን እያሾሩ ገበያ የሚወርዱት ሴቶች ናቸው። "አስተማሪው፣ ዛሬም ምን ጠፍቶህ ነው?" ይሉኛል። ከብት ሳይነዳ፣ ሸክም ሳይኖረው ዳገት የሚወጣ ሰው ዛሬም አልገባቸውም። ነፋስ ልቀበል ነው ስላቸው ይስቃሉ። ከ3,200 ሜትር በላይ ነፋስ ፍለጋ የሚወጣ ሰው ቢያስቅ አይፈረድባቸውም።

አፋፉ ላይ ስደርስ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ካደሩበት ገደል እየወጡ ነው። ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ ይቀመጡና ከዚያ በሁለት እጃቸው ሣር መንጨት ይጀምራሉ፤ ቀኑን ሙሉ ሌላ ሥራ የላቸውም። እንግዳ ሰው ደረታቸው ላይ ያለውን ቀይ እያየ ይደነቃል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። የማሳው ባለቤት ግን ገብሱ ሲያሽት ልጁን ማማ ላይ አስቀምጦ ወንጭፍ ያስይዘዋል። የሁለቱንም እውነት ስለማውቅ ማንንም አልወቅስም፤ ደግሞ ሰው ደመወዙን ጭላዳ ቢበላበት ምን ይል እንደነበር አስበው።

ማማው ላይ የሚቀመጠውን ልጅ ብታውቀው እንዴት በወደድከው! ወንዶቹን አንድ በአንድ ይለያቸዋል። "ጆሮው የተቆረጠው ትናንት አሸንፎ ሚስቶቹን ወሰደበት፤ አሮጌው አሁን ከዳር ነው የሚግጠው" ብሎ የሰፈር ወሬ ያወራልኛል። ክፍል ውስጥ ግን አንድ ቃል አይተነፍስም።

ቀይ ቀበሮም ከዚያው መንጋ መሐል ነው የማየው። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሶች ከ500 አይበልጡም ይባላል። እኛ ጓሳ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡትን አንብቤ ነበር፦ ቀበሮው ብቻውን አይጥ ሲያድን የሚሳካለት ከመቶ 25 ጊዜ ያህል ሲሆን፣ በጭላዳዎች መሐል ሲያድን ግን 67 ጊዜ ያህል ነው። በታላቅ ኩራት ለልጁ ነገርኩት። "ታዲያ ግልገላቸውን ስለማይነካ አይደል የማይሸሹት?" ብሎኝ ወደ ወንጭፉ ተመለሰ።

እኔን የሚያስፈራኝ የእረኞቹ ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ቀበሮዎቹ ውስጥ ከገባ ማን ያስቆመዋል? ውሾቻችሁን አስከትቡ እያልኩ በየቅዳሜው እጮሃለሁ፤ ገሳ ለብሰው በጎቻቸውን የሚያሰማሩት ሽማግሌ "ለሰውስ ክትባት መቼ ደረሰ?" ብለው አፌን አስያዙኝ።

ሽማግሌው ግን የጓሳውን ነገር ሲያነሱ ሌላ ሰው ይሆናሉ። የአገሩ አቅኚ አባቶች የአስቦና የገራ ልጆች ሣሩን በሕግ ለዓመታት ይዘጉት እንደነበር፣ ሳይከፈት የገባ ሰው በዘመዶቹ ፊት እንደሚዳኝ፣ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ መጥቶ ርስት ሲቀር ያ ሥርዓት እንደፈረሰ ያወራሉ። ዛሬ ኅብረተሰቡ መልሶ በራሱ ጠባቂዎች ይጠብቀዋል፤ ሽማግሌው ግን "የአሁኑ ጠባቂ ደመወዝ ይጠብቃል፤ የድሮው ጎረቤቱን ይጠብቅ ነበር" ይላሉ። ትንሽ አብዝተውታል። ከጠባቂዎቹ አንዱ ማታ በጭጋግ መንገድ ጠፍቶብኝ እስከ ቤቴ ድረስ ሸኝቶኛል፣ ሻይ እንኳን አልጠጣም አለ።

እንግዲህ ጥር ላይ ና፤ መንገዱም ደረቅ ነው። ስትመጣ ለዚያ ልጅ የሩቅ ማሳያ መነጽር ይዘህለት ና፤ አሮጌም ቢሆን ግድ የለውም፣ ስለ ዋጋው ከእኔ ጋር እንነጋገራለን። ጠንካራ ጫማም አትርሳ፤ ባለፈው የወሰድክብኝን እስካሁን አልመለስክምና ሌላ አላበድርህም።

ወንድምህ