እኛ የፈረምነውን መሐላ እጩዎችም ይፈርሙት፦ ለአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የሥነ ምግባር ኮሚቴ
ዋሽንግተን ዲሲ

የተከበራችሁ የኮሚቴው ሊቀ መንበርና አባላት፣

የምጽፍላችሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ትውልዴ ኢትዮጵያ፣ ዜግነቴ አሜሪካዊ ነው፤ ግብር እከፍላለሁ፣ ድምፅ እሰጣለሁ። ደብዳቤውን በአማርኛ ያደረግሁት በዚህ አካባቢ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በአትላንታና በዳላስ የሚኖሩ ወገኖቼም አንብበውት ለየተወካዮቻቸው እንዲያነሡት ስለምፈልግ ነው። ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ዜጋ ለመሆን የመጣ ሰው ስለ ራሱ የሚናገረውን በመሐላ እንደሚያረጋግጥ ሁሉ፣ ሕግ ላውጣላችሁ ብሎ የመጣ ሰውም እንዲሁ ያረጋግጥ። ያረጋገጠውም ከምርጫው በፊት ይመርመር።

ኤን 400 የተባለውን የዜግነት ማመልከቻ የሞላ ሰው ምን እንደምል ያውቃል። የ5 ዓመት አድራሻህን፣ የ5 ዓመት ሥራህን፣ ከሀገር የወጣህበትንና የተመለስህበትን ቀን ይጠይቅሃል። ቀጥሎም በሕይወትህ አንድም ጊዜ ቢሆን ለአሜሪካ መንግሥት ባለሥልጣን ሐሰተኛ ወይም አሳሳች መረጃ ሰጥተህ እንደሆነ ይጠይቅሃል። ቃለ መጠይቁ የሚጀመረው ቀኝ እጅ አንሥቶ በመማል ነው። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ይህን ፎርም ሲሞሉ እንቅልፍ የሚያጡ ሰዎች አሉ። ድሮ የተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ወረቀት ፍለጋ ቤቱን የሚያምሱ አሉ። የትውልድ ቀናቸው ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ በአንዱ ሰነድ ላይ ስለተዛነፈ ብቻ ዋሽተሃል እንዳይባሉ ፈርተው ጠበቃ የሚያማክሩ አሉ። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ዜግነት ለማግኘት የረዳ ውሸት በኋላ ከተደረሰበት፣ ስንት ዓመት ቢያልፍ እንኳ ዜግነቱን ሊያስነጥቅ ይችላል።

በዚህ ሕግ ላይ ቅሬታ የለኝም። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ በከፍተኛ 15 እስር ቤት እስረኞች ሲሠቃዩ ጠባቂ የነበረ ሰው፣ በሌላ ሰው ስም ገብቶና ዜግነት ወስዶ ዴንቨር ተቀምጦ ሳለ ከቀድሞ እስረኞቹ አንዱ አይቶ ለየው። በ2014 የኮሎራዶ ፌዴራል ፍርድ ቤት 22 ዓመት ፈረደበት። የተከሰሰው አዲስ አበባ ባደረሰው ግፍ አልነበረም፤ የሰው ማንነት በመስረቁና ዜግነቱን በውሸት በማግኘቱ ነበር። የቀይ ሽብር ቤተሰቦች ያን ቀን ያገኙትን ፍትሕ ያስገኘላቸው ይኸው ፎርም ነው። ይህ መንግሥት፣ ሲፈልግ፣ ወረቀት ላይ የሰፈረ ውሸትን ምን ያህል ከባድ ነገር አድርጎ መያዝ እንደሚችል አይተናል።

ታዲያ በናንተ ቤት ወንበር የሚፈልግ ሰው ስለ ምን ቀለለለት?

የጆርጅ ሳንቶስን ጉዳይ ከናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በኖቬምበር 2022 ከኒው ዮርክ 3ኛ የምርጫ ክልል፣ ከሎንግ አይላንድና ከኩዊንስ ነዋሪዎች ድምፅ አግኝቶ ተመረጠ። ከባሩክ ኮሌጅ ተመርቄያለሁ አለ። በጎልድማን ሳክስና በሲቲግሩፕ ሠርቻለሁ አለ። የእናቴ ወላጆች ከናዚ ጭፍጨፋ የሸሹ አይሁዶች ናቸው አለ። አንዱም እውነት አልነበረም። ኒው ዮርክ ታይምስ ነገሩን ያወጣው ዲሴምበር 19 ቀን፣ ምርጫው ካለፈ ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ነው። ሳንቶስ በሳምንቱ ስለ ትምህርቱና ስለ ሥራው መዋሸቱን በራሱ አንደበት አመነ። ቢያምንም ጃንዋሪ ላይ ምሎ ወንበሩን ያዘ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ከውሸቱ ይልቅ ወረቀቱ ነው። ይህ ሰው በ2020 ተወዳድሮ ሲሸነፍ ባስገባው የሀብት ማሳወቂያ ላይ የዓመት ገቢው 55,000 ዶላር ነበር። በሴፕቴምበር 2022 ባስገባው ላይ ደመወዙ ብቻ 750,000 ዶላር ሆነ፤ በዚያ ላይ ከ1 ሚሊዮን እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የትርፍ ድርሻ አስመዘገበ። ገንዘቡ ተገኘበት የተባለው ድርጅት የተመዘገበው በ2021 ነው። ሁለቱም ቅጾች የገቡት በናንተው ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ነው፤ ማንም ሰው ከፍቶ ሊያያቸው ይችላል። ኖርዝ ሾር ሊደር የተባለች አንዲት የሎንግ አይላንድ ጋዜጣ ይህ ሀብት ከየት መጣ ብላ ጠይቃ ነበር፤ ምርጫው ገና አልደረሰም ነበር። ሰሚ አላገኘችም። የራሱ የምርጫ ዘመቻ በ2021 መጨረሻ ስለ እጩው ያስጠናው ጥናት እንኳ ሐሰቱን አውጥቶ ስለነበር ረዳቶቹ ጥለውት ወጥተዋል፤ ለመራጩ የነገረው ግን የለም። በጋዜጣዋ፣ በዘመቻው ሰዎችና በናንተ መዝገብ ቤት መካከል እውነቱ ተበታትኖ ተቀምጦ ነበር። አንድ ላይ የሚያየው ኃላፊነት ያለበት ሰው ብቻ ጠፋ።

ሌላም አለ፤ ይህኛው ለእኛ ሰፈር ሰው በጣም ቅርብ ነው። ወረርሽኙ በገባበት በ2020 ታክሲ የሚነዱ፣ ፓርኪንግ የሚሠሩ፣ ሬስቶራንት የሚያስተናግዱ ወገኖቻችን ገቢያቸው ባንድ ጀምበር ቆመ። አንኢምፕሎይመንት የምንለውን የሥራ አጥ ክፍያ ሲሞሉ ነጠላ መስመር እንዳይሳሳቱ ልጆቻቸውን እያስነበቡ ነበር። ሳንቶስ በዚያው ጊዜ በዓመት 120,000 ዶላር ገደማ የሚከፍል የኢንቨስትመንት ድርጅት ሥራ ይዞ ከ24,000 ዶላር በላይ የሥራ አጥ ክፍያ ወሰደ። ኮንግረስ ከገባ በኋላም የሥራ አጥ ክፍያ አጭበርባሪዎችን ለመቆጣጠር የቀረበ ረቂቅ ሕግ ላይ ደጋፊ ሆኖ ስሙን አስፍሯል።

በኖቬምበር 2023 ያወጣችሁትን 56 ገጽ ሪፖርት አንብቤዋለሁ፤ ጥሩ ሥራ ነው። ሊቀ መንበራችሁ ማይክል ጌስት የሳንቶስ የፓርቲ ጓድ ሆነው ሳለ ይባረር የሚለውን ውሳኔ ራሳቸው አቀረቡ። ወሩ ሲገባ የቀረበው ተመሳሳይ ሐሳብ 179 ለ213 ወድቆ ነበር፤ ሪፖርታችሁ ከወጣ በኋላ ዲሴምበር 1 ቀን በ311 ለ114 ተባረረ። ከዚህ ምክር ቤት በታሪክ የተባረሩት ከሱ ጋር 6 ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ከነዚህም 3ቱ በ1861 በእርስ በርስ ጦርነቱ ከተገንጣዮቹ ጎን የቆሙ ናቸው። መርምራችሁ የጻፋችሁት ነገር ድምፅ እንደሚያስለውጥ በዚያ ወር ታይቷል። ለዚህም ነው ደብዳቤዬን ለሌላ ሳይሆን ለናንተ ያደረግሁት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያሳዝናል። በኦገስት 2024 ጥፋቱን አመነ፤ በኤፕሪል 2025 የ87 ወር እስራትና ከ370,000 ዶላር በላይ ካሳ ተፈረደበት። ኦክቶበር 17 ቀን ፕሬዝዳንት ትራምፕ እስራቱን ቀሪ አደረጉለት፤ የቀረው ካሳም አብሮ ተሻረ። በክሬዲት ካርዳቸው ያለ ፈቃዳቸው ገንዘብ የተወሰደባቸው ለጋሾች ነበሩ። ስለነሱ የተናገረ ሰው እምብዛም አልሰማሁም።

አሁን ልብ በሉልኝ። ይህ ሰው የተፈረደበት በገንዘብ ማጭበርበርና የሰው ማንነት በመስረቅ ነው። ቀድሞ ከተመሠረቱበት ክሶች ሁለቱ፣ በሀብት ማሳወቂያው ለምክር ቤቱ ሐሰት ማቅረቡን የሚመለከቱ ነበሩ። ለመራጩ ስለ ማንነቱ፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ሥራውና ስለ አያቶቹ በዋሸው ግን አልተከሰሰም። ሊከሰስም አይችልም ነበር፤ የሚከለክለው ሕግ የለምና።

እንዲህ ያለ ሕግ ለምን እንደሌለ አውቃለሁ። በካሊፎርኒያ የአንድ የውኃ ቦርድ ተመራጭ የነበረ ሰው የሀገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ተሸልሜያለሁ ብሎ ዋሸ፤ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2012 ውሸት በመናገሩ ብቻ ሊቀጣ አይገባም ተብሎ ሕጉ ተሻረ። በዚህ ፍርድ ተናድጄ አልጽፍም። ከመጣሁበት ሀገር ሐሰተኛ ወሬ ነዛህ ተብሎ መታሰር ምን ማለት እንደሆነ፣ እውነትና ሐሰቱን መንግሥት ሲለይ መጀመሪያ ወህኒ የሚወርደው ጋዜጠኛ መሆኑን አይቻለሁ። ፖለቲከኛ መድረክ ላይ በተናገረው ይታሰር አልልም፤ ማንም እንዲለው አልፈልግም።

ነገር ግን መድረክና መሐላ የተለያዩ ናቸው። እኛ በኤን 400 የምንቀጣው ካፌ ቁጭ ብለን በተናገርነው ሳይሆን ፈርመን ባረጋገጥነው ነው። ለእጩም ይኸው ይሁን፤ የት እንደተማረ፣ የት እንደሠራ፣ ውትድርና አገልግሎ እንደሆነ በመሐላ የሚሞላ አጭር ቅጽ ይኑር። ሐሳቡን እኔ አላመነጨሁትም። የኒው ዮርኮቹ ተወካዮች ሪቺ ቶሬስና ዳን ጎልድማን በ2023 እንዲህ ያለ ረቂቅ አቅርበው ነበር፤ ሕግ ሳይሆን ቀረ። እጩዎችን የሚያስገድደው የኮንግረስ ሕግ እንጂ የምክር ቤቱ የውስጥ ደንብ ብቻ እንዳልሆነም አውቃለሁ። ሪፖርቱን የጻፋችሁት እናንተ ረቂቁን መልሳችሁ ብታነሡት ግን ክብደቱ ሌላ ነው፤ ከሁለቱም ፓርቲ እኩል እኩል የተቀመጣችሁ ኮሚቴ ናችሁና የአንድ ወገን ጥቃት ነው ሊባል አይችልም።

ወገን ካነሣሁ አይቀር፣ ይህ የሪፐብሊካኖች ነውር ብቻ ነው ብሎ የሚያነብልኝ ካለ ተሳስቷል። ቻርልስ ራንግል የግብር ሕግ የሚያወጣውን ኮሚቴ ይመሩ የነበሩ ዴሞክራት ነበሩ፤ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ካለው ቤታቸው ያገኙትን የኪራይ ገቢ ሳያሳውቁ ኖረው በዲሴምበር 2010 ምክር ቤቱ በይፋ ገሥጿቸዋል። የቀድሞው ሴናተር ቦብ ሜኔንዴዝም ዴሞክራት ናቸው፤ ቤታቸው የወርቅ ጡብና ከ480,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ተገኝቶ በ2024 በ16 ክሶች ጥፋተኛ ተብለዋል።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ከዚሁ ጋር አያይዙልኝ። አባል ሥልጣኑን ሲለቅ እናንተ በሱ ላይ ያላችሁ ሥልጣን ያበቃል፤ ስለዚህ ምርመራ የከበደበት ሰው መልቀቂያ ያስገባና ፋይሉ ይዘጋል። የምክር ቤቱ አባል የነበሩት ማት ጌትዝ በኖቬምበር 2024 ከለቀቁ በኋላ ግን ስለሳቸው ያደረጋችሁትን ምርመራ ሪፖርት በዲሴምበር አውጥታችኋል። ያን ጊዜ በልዩ ውሳኔ ያደረጋችሁትን መደበኛ አሠራር አድርጉት፤ ሕዝብ ደመወዝ ሲከፍለው የሠራውን፣ ሕዝብ የማወቅ መብት አለው። ሁለተኛው የሀብት ማሳወቂያው የመዘግየት ክፍያ ነው። ቅጹን ከ30 ቀን በላይ ያዘገየ ሰው 200 ዶላር ይከፍላል። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ኤን 400ን በወረቀት ለማስገባት የሚከፈለው 760 ዶላር ነው። ቢሮ ሲያጸዳ አድሮ ያንን የሚያጠራቅም ሰው ይህን ልዩነት ሲሰማ ስለዚህ ሀገር ምን እንደሚያስብ አስቡት።

ኖቬምበር 3 ቀን 2026 ምርጫ ነው። አዲስ ሕግ እስከዚያ ላይደርስ ይችላል። የገባላችሁን የሀብት ማሳወቂያ የመመርመር ኃላፊነት ግን ሕጉ ቀድሞውኑ ለናንተ ሰጥቷል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ በፊት የተወዳደረ እጩ ያስገባውን ቅጽ ከአሁኑ ጋር አስተያዩት፤ 55,000 ዶላር በ2 ዓመት 750,000 ሆኖ ስታገኙት ከየት አመጣኸው ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁት፤ ጥያቄውንም መልሱንም መራጩ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት እንዲያየው አድርጉ። ለዚህ ሥራ ተጨማሪ ሠራተኛ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ በጀቱን በግልጽ ጠይቁ፤ እኔም ለተወካዬ ጽፌ እንዲደግፉት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሲልቨር ስፕሪንግ መራጭ