አባባ፣ ኮረብታው ትንሽ ጎድሏል

ለምወድዎት አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት አደረ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የዋተርሉን የጦር ሜዳ ልታዩ ወደ ቤልጂየም ቪዛችሁ ወጥቶ ትኬቱ ከተቆረጠ ወዲህ ግን እንቅልፍ የለኝም። እማዬ ስልክ ላይ «ያን ሁሉ አገር አቋርጠን የሞተ ሰው ሜዳ ልናይ?» ብላ ስቃብኛለች። እሷን በኋላ አሳምናታለሁ።

ይህን በስልክ ያልነገርኩዎት ሳልጨርስ ስለሚያቋርጡኝ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ አንድ የጎበጠ መስመር ስበው «ዋተርሉ ላይ ናፖሊዮንን የገጠመው የእንግሊዙ ጄኔራል ዌሊንግተን ወታደሮቹን ለምን ከኮረብታው ጀርባ አስተኛቸው?» ብለው ጠየቁን። እኔ እጄን አውጥቼ «ፈርቶ ነው» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ማታ እራት ላይ እንጀራውን አጥፈው ኮረብታ ሠሩና፣ የናፖሊዮን መድፍ ከጀርባ ያለውን ሰው ለምን እንደማያገኘው አሳዩኝ። ሽሮው እስኪቀዘቅዝ!

ባለፈው ቅዳሜ መንገዱን ልለካ ብቻዬን ሄድኩ። ከብራስልስ ብሬን ላሉ ድረስ በባቡር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ሜዳው ዋተርሉ ከተማ ውስጥ አይደለም፣ ወደ ደቡብ ወጣ ይላል። ዌሊንግተን ያደረውም የድሉን ደብዳቤ መጻፍ የጀመረውም ዋተርሉ ስለነበር ስሙ በዚያው ቀረ። ይህን ሳይነግሩን አልፈዋል፣ ይመዝገብልኝ።

አሁን ወደ ክፉው ወሬ ልግባ። ያ በጠመኔ የሳሉት መስመር እንደሳሉት የለም። የኔዘርላንድ ንጉሥ ልጁ የቆሰለበትን ቦታ ለማስታወስ ትልቅ የአፈር ክምር አስከመረና አናቱ ላይ አንበሳ አቆመ። በፈረንጆቹ 1826 ነው ያለቀው። አፈሩ የተዛቀው ከዚያው ከኮረብታው ነው። የእንግሊዞቹን ነፍስ ያተረፈው ጉብታ ተልጦ ሐውልት ሆነ ማለት ነው። እዚያ ቆሜ የእርስዎን መስመር ፈልጌ ሳጣው በጣም ከፋኝ። እርስዎ መጥተው በድንገት ከሚያዩት አስቀድመው ይወቁት ብዬ ነው።

ክምሩ 226 ደረጃ አለው። ቆጥሬዋለሁ። እርስዎ አይወጡም፣ አለቀ። «የፕሩሲያው ጄኔራል ብሉሸር በ72 ዓመቱ፣ ከሁለት ቀን በፊት ሊኚ በተደረገው ውጊያ ላይ ፈረሱ ወድቆበት፣ ያም ሆኖ ለዌሊንግተን ደረሰለት» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ልክ ነዎት። ግን እሱ በፈረስ ነው የመጣው፣ ደረጃ አልወጣም።

ይልቅ ኡጉሞን ወደሚባለው የሜዳው የእርሻ ግቢ እወስድዎታለሁ። ያ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ያስተማሩን በር እዚያ ነው። ፈረንሳዮቹ ሰብረው ሲገቡ ጥቂት ሰዎች ተረባርበው መልሰው የዘጉት በር። የእርሻ ግቢው ታድሶ በፈረንጆቹ 2015 ለጎብኚ ተከፍቷል። ሙዚየሙ ደግሞ ከክምሩ ግርጌ፣ ከመሬት በታች ነው። እዚያ ውስጥ ከሜዳው ተቆፍሮ የወጣ የአንድ ወታደር አጽም አለ። እማዬ እሱን ባታይ ይሻላል።

ጫማ በደንብ ያስቡበት። ከውጊያው በፊት ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ናፖሊዮን መድፉን ለማንቀሳቀስ መሬቱ ጠፈፍ እስኪል ጠበቀ ብለውን ነበር፤ ፕሩሲያኖቹም በዚያ መሃል እየቀረቡ ነበር። አሁን በደንብ ገባኝ። የኛን መረሬ አያህልም እንጂ ቅዳሜ አንድ ጫማዬን አስቀርቶብኝ ነበር።

ቀኑስ? ውጊያው የተደረገው ጁን 18 ቀን 1815 ነው። ዛሬ ያ ቀን ሰኔ 11 ላይ ይውላል። ያኔ ግን ሰኔ 12 ነበር፣ 1807 በኛ። ፈረንጆቹ 1900 ላይ ፌብሩዋሪ 29ን ስለዘለሉ የአንድ ቀን ልዩነት መጣ። አድዋም ያኔ ማርች 1 የነበረው አሁን ማርች 2 የሚውለው በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ ሰው ያለቀው እሁድ፣ በሰኔ ሚካኤል ቀን ነው። እንደሚፈትሹት ስለማውቅ ሦስት ጊዜ አስልቼዋለሁ።

ስለዚህ ጁን 18 ሰው ስለሚበዛ በማግስቱ፣ ሰኔ 12 እንሂድ። ጠዋት እማዬን ሚካኤልን ታነግሥ ዘንድ ቤተ ክርስቲያን እናደርሳታለን። ከዚያ እኔና እርስዎ ሜዳው ዳር እንቀመጣለን። ተጣጣፊ ወንበር ገዝቻለሁ። ኮረብታው ድሮ የት ድረስ እንደነበር በከዘራዎ ያሳዩኛል። ጥያቄውንም እንደገና ይጠይቁኝ፣ አሁን መልሱን አውቀዋለሁ።

የጉልበትዎን መድኃኒት ለአንድ ወር የሚበቃ ይያዙ። በርበሬ እማዬ ትያዝ።

ልጅዎ