«ትንሽ» ሲሉኝ ነው የምፈራው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ባለፈው እትማችሁ ላይ የዘንድሮ ወጣት ማጋነን አበዛ ብሎ ያማረረውን ሰውዬ ጽሑፍ እዚሁ አራት ኪሎ ማኪያቶዬን ይዤ አነበብኩት፣ በሳቅ ሞትኩ (ይኸው እኔም ጀመርኩ)። «ሺ ጊዜ ደወልኩልህ»፣ «በረሃብ አለቅኩ»፣ «ብርዱ አጥንት ይሰብራል»፣ ይሄ አሁን ማንን ጎዳ? ሺ ጊዜ ደወልኩ ያለችህን ልጅ ስልክህን አውጥተህ ሚስኮል ትቆጥርባታለህ እንዴ? ግነት እኮ ተናጋሪውም ሰሚውም እንደተጋነነ ስለሚያውቁት ነው ውሸት የማይባለው። አባቶቻችንስ በፉከራው በቀረርቶው ስንቱን አንበሳ በአንድ እጃቸው ሲጥሉ የኖሩ አይደሉ? ቲክቶክ ያስተማራቸው የለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ተቃራኒው ነው፣ አሳንሶ መናገሩ። አማርኛችን ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ሞልቶታል፣ አንድን ነገር ልናሳንሰው ስንፈልግ ሴት እናደርገዋለን፣ «ያቺን ብር መልስልኝ» ሲልህ ብሯ 10 ሺ ልትሆን ትችላለች። ደሞ «ራቅ ይላል» «ገባ ይላል» የምንላት አለች። ሰውዬው ግድግዳ ተደግፎ እየሄደ «ትንሽ ሞቅ ብሎታል» ነው የሚባለው። አምና ቤት ስፈልግ አንድ ደላላ «ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ይላል» ብሎኝ ከጊዮርጊስ ወደ ታች 25 ደቂቃ በእግራችን ገባን ገባን ገባን፣ እኔማ ወንዝ ውስጥ ሊከተኝ ነው ብዬ ነበር።

ደስ የሚለውም አለ አልክድም። እናቴ እንግዳ ሲመጣ «ምንም የለም እኮ፣ ያለችውን ቅመሱ» ብላ ዶሮውን ከነ12 ብልቱ ታቀርባለች፣ «ብዙ ሠርቻለሁ» ብትል ግን ማን ደፍሮ ይበላል? የሰፈሬ ልጆች ደግሞ «ቀላል ይበርዳል!» ይላሉ፣ በጣም ይበርዳል ለማለት። እኔ እንደሚመስለኝ «ቀላል አይደለም» የሚለው ጭራው ተቆርጦ ነው፣ ማሳነሱም ማጋነኑም በአንድ ቃል፣ ይሄን ለፈጠረ ልጅ ዲግሪ ቢሰጠው አልቃወምም።

ግን ከ2 ዓመት በፊት ጠዋት ስልክ ተደወለልኝ። «ጋሼ ትንሽ አሞታል፣ ብቅ ብትል ጥሩ ነው» አለኝ ያጎቴ ልጅ። ጋሼ አጎቴ ነው፣ ያሳደገኝ። ትንሽ ካመመው ብዬ ተረጋግቼ ሻወር ወስጄ፣ መንገድ ላይ 2 ኪሎ ብርቱካን ገዝቼ፣ ታክሲ ላይ ከረዳቱ ጋር ስለ መልስ እየተከራከርኩ ሄድኩ። ቅያሱን ስታጠፍ ድንኳኑ ተተክሏል። ያን ብርቱካን ይዤ በር ላይ ቆሜ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ፣ አንዷ ጎረቤት ናት ከእጄ የተቀበለችኝ።

ልማዳችን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ደንግጦ መንገድ ላይ እንዳይወድቅ ተብሎ ነው፣ ያጎቴ ልጅም እኔን አዝኖልኝ ነው። ከዛ ወዲህ ግን ስልክ ላይ «ትንሽ» ያለኝን ሰው ሁሉ «ስንት ትንሽ?» እያልኩ ነው የምጠይቀው።

አንባቢያችሁ
ከአራት ኪሎ