ብርዝ ሆኖ ቀረብኝ

ሻምበል፣

ማዕረግህን አልገፈፍኩህም። አንተም ስሜን ከስልክህ እንዳልሰረዝከው ተስፋ አለኝ። ሦስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ይኸው ዛሬ ጻፍኩልህ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ስለ እሱ ኋላ እመለስበታለሁ። ወይ ደግሞ አልመለስበትም፣ ታውቀኝ የለ።

የጻፍኩት ጨንቆኝ ነው። ወይን ጠጅ ጥዬ መፍላት አቆመብኝ።

ሳቅህን ጨርስ፣ እጠብቅሃለሁ። አዎ፣ ጉደር ያለ ስፕራይት አይወርድልኝም ይል የነበረው ሰውዬ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ከመኪናው ነው። ከሲያትል ወደ ያኪማ ፖም ልጭን እመላለሳለሁ። የሲያትልን ዝናብ በስልክ ስንቴ አማርሬልሃለሁ። ካስኬድ የሚባለውን ተራራ ተሻግረህ ትንሽ ስትነዳ ግን ጥዱ ድራሹ ይጠፋል። በረሃ! ደመናው ያለውን ሁሉ እኛ ላይ አራግፎ ስለሚያልፍ ለማዶው የሚተርፍ የለም። ያኪማ በዓመት የምታገኘው 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይኼ በአንድ ሐምሌ ይወርዳል። ሜዳውን የሞላው ግራጫ ቁጥቋጦ ደግሞ የአሪቲ ዘመድ ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ካፊያ ነክቶት ነበርና መስኮት ስከፍት ሽታው ገባ። መኪናዬን ዳር አስይዤ አለቀስኩ ልልህ ነበር፣ አታምነኝም። ዝም ብዬ ቆምኩ በቃ።

ወይኑ ያለው እዚህ ደረቅ ምድር ላይ ነው። ከወንዝ በተሳበ ውሃ፣ በልክ በልኩ እየጠጣ ያድጋል። ፖም የምጭንለት ሽማግሌ ገበሬ ወይንም አለው። በሽታውን ያስያዘኝ እሱ ነው። አገሩ ወደ ሰሜን የወጣ ስለሆነ ሰኔ ላይ ቀኑ 16 ሰዓት ያህል ይረዝማል። ቀን ላብ በላብ ያደርግሃል፣ ማታ ጃኬት ያስፈልግሃል። ፀሐዩ ስኳሩን ያበስለዋል፣ የሌሊቱ ብርድ ደግሞ ኮምጣጣነቱን ያቆይለታል። የዚያ አገር ቀይ ወይን ጠጅ ጣዕሙ ደማቅ ሆኖ የማይሰለቸው ለዚህ ነው አለኝ።

አፈሩማ ሌላ ተረት ነው። ከ15,000 ዓመት በፊት ገደማ፣ ሞንታና ላይ በበረዶ የተገደበ ትልቅ ሐይቅ ነበር። ግድቡ ተሰበረ፣ ጎርፉ እስከዚህ ድረስ ጠራርጎ መጣ። ደግሞ አንዴ አይደለም፣ በረዶው እንደገና እየገደበ ብዙ ጊዜ ተሰብሯል። አሸዋውንና ደለሉን ጥሎ የሄደው ያ ጎርፍ ነው። በአሸዋ ደግሞ የወይን ሥር የሚበላው ተባይ እንደልቡ አይራባም። ስለዚህ ሌላ አገር በባዕድ ሥር ላይ የሚዳቀለው ወይን እዚያ አብዛኛው በራሱ ሥር ነው የቆመው። በፈረንጅ 1996 የመጣው ውርጭ ብዙ ግንድ ሲገድል፣ ሥሩ የተረፈው ያው ራሱ ሆኖ እንደገና በቀለ።

ሬድ ማውንቴን የምትባል ቦታም አለች። ቀይ ተራራ መሆኗ ነው። ተራራ አይደለችም፣ ኮረብታ ናት። ቀይም አይደለችም፣ በጸደይ የሚበቅለው ሣር ነው የሚያቀላት። ካቤርኔ ከሚባለው የወይን ዘር የሚጠመቀው ወይን ጠጇ ግን ቀልድ አያውቅም፣ እንደ በረታ ሻይ ድድህን ጭምድድ ያደርጋል። እኔን የገደለኝ ሲራ የሚባለው ሌላው ዘር፣ የያኪማው ነው። ጭስ ጭስ፣ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ይላል። በወይራ የታጠነ የእማማን ጋን አስታወሰኝ።

እና ልቤ አበጠ። መስከረም መጨረሻ ላይ 150 ኪሎ ካቤርኔ ገዝቼ ጋራዥ ውስጥ ከነቆዳው ጨፈለቅሁት። አትፍራ፣ ፖሊስ አይመጣም። ሁለት አዋቂ ያለበት ቤት ለራሱ በዓመት እስከ 200 ጋሎን ቢጥል ሕጉ ይፈቅዳል፣ መሸጥ ነው ክልክሉ። እርሾ ጨመርኩበት። መፍላቱን ብታይ! ቆዳው ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ በቀን ሦስቴ ወደ ታች እደፍቀዋለሁ። ሚስቴ ጋራዡን ጠጅ ቤት አደረግኸው እያለች መኪናዋን ውጭ ማሳደር ጀመረች። ስኳሩ ሲነሳ ከመቶ 25 ነበር። ወረደ፣ ወረደ፣ 7 ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ይኸው አምስት ቀኑ። ብርዝም አይደለ፣ ጠጅም አይደለ።

ብርድ መትቶት ነው። ጋራዡ ሌሊት በረዶ ነው። ያንን ወይን ያሳመረው ብርድ እኔ ዘንድ መጥቶ እርሾውን አስተኛብኝ። አሁን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ማሞቂያ አጠገብ አስጠግቼዋለሁ።

ብርድ ልብስ ስልህ... እሺ፣ ልናገር። ጋቢ ነው። ስሄድ እማማ ያለበሱኝ ጋቢ። ቤት ውስጥ እንደሱ የሚሞቅ አጣሁ። ጥለቱ ላይ ትንሽ ወይን ጠጅ ፈሶበታል። ትንሽ አይደለም።

እማማ ጠጅ አልፈላ ሲላቸው ከደህናው ጋን ቀንሰው የሚጨምሩበት ነገር ነበር፣ ትዝ ይልሃል? መጀመሪያ ያሞቁታል ወይስ እንዲሁ ነው የሚጨምሩት? ስንት ይጨምራሉ? ጠይቅልኝ ልልህ ነው የተነሳሁት።

ግን እንዴት ብዬ ነው የማስጠይቃቸው? ጋሼ ያረፉ ቀን መልእክትህ ሲደርሰኝ ያኪማ ነበርኩ፣ ፖም እየጫንኩ። ማታ እደውላለሁ አልኩ። ማታ ደክሞኝ ነበር። በማግስቱ አፈርኩ። ከዚያ በኋላ በዘገየሁ ቁጥር ምን ብዬ እንደምደውል ጠፋኝ። ጋሼ ቢኖሩ መጀመሪያ የሚሰድቡኝ እሳቸው ነበሩ።

ተወው፣ ወይኑን አትጠይቅልኝ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ራሴ እደውላለሁ፣ አጠገባቸው ሁንና ስልኩን አንተ አንሳ። መጀመሪያ ለቅሶዬን ልድረስ። ከዚያ ፊታቸው ከተፈታ፣ በዓይንህ አይተህ «ወይኑንስ?» በለኝ፣ ይገባኛል።

ስለ ጋቢው ግን አንተም አልሰማህም።