እምዬ፣ ለአዘዞዋ ሴትዮ ንገሪልኝ

እምዬ፣ እንዴት ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? በስልክ እያለቀስሽ ስለዘጋሽው ነው የምጽፍልሽ። ታናሼ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ።

ልጅ ሆኜ የታከምኩት ካንሰር አልተመለሰም። የተገኘብኝ ሄፓታይተስ ሲ ነው፤ ጉበት የሚያጠቃ ቫይረስ። ይድናል።

«አጎትሽ በሰጠሽ ደም ይሆን?» ብለሽኝ ነበር። እሱን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ከኩላሊቴ ዕጢውን ሲያወጡልኝ የብዙ ሰው ደም ወስጃለሁ። መርፌውም ስንት ነበር! ቫይረሱ ራሱ የታወቀው በፈረንጆቹ 1989 ነው። ሀብታም አገሮች እንኳ ደም ለዚህ ቫይረስ መመርመር የጀመሩት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። በዚያ ዘመን ደም የሰጠ ሰው ቢኖርበትም አያውቀውም። ስለዚህ አጎቴን በሌላ ዓይን እንዳታይብኝ። ያ ደም ባይኖር እኔም የለሁም። አንቺም «ስጧት» ብለሽ የፈረምሽው ልክ ነበር፤ ዛሬም ልክ ነው።

ቫይረሱ 20 እና 30 ዓመት ምንም ሳያሳምም ጉበት ላይ ጠባሳ ሊሠራ ይችላል። አንዳንዱ ሰው በራሱ ይድናል፤ ብዙው ግን ሳያውቀው ይዞት ይኖራል። ዓይን ቢጫ እስኪሆን መጠበቅ ደግ አይደለም። በእኔ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከካንሰር መድኃኒቶቹ አንዳንዱ ጉበት ይነካል። ድሮ የታከምኩትን ስነግራት ሐኪሟ ራሷ ናት «ለምርመራ ደም ስጪ» ያለችኝ። የመጀመሪያው ምርመራ ቫይረሱ አንድ ጊዜ እንደገባ ብቻ ነው የሚያሳየው። አሁንም መኖሩን የነገረኝ ሁለተኛው ነው። ጠባሳው ገና ጥቂት ነው ብለውኛል፤ ተመስገን።

ሕክምናው ክኒን ነው። በየቀኑ ለ12 ሳምንት እውጣለሁ። ከሚወስዱት ከ95 በመቶ በላይ ይድናሉ። ከጨረስኩ ከ12 ሳምንት በኋላ ደሜ ውስጥ ካልተገኘ ድኛለሁ ማለት ነው።

የወፍ መድኃኒት ብለሽ የላክሽውን ቅጠል አልጠጣሁትም። አትቀየሚኝ። አንዳንዱ ቅጠል ራሱ ጉበት ይጎዳል፤ ከክኒኑም ጋር ላይስማማ ይችላል። ጠበል ብትልኪልኝ በደስታ እጠጣለሁ፤ ክኒኔን ግን አላቋርጥም። ለጥምቀት ስመጣም ጠላ አትቅጂልኝ፤ ብርዝ ይበቃኛል። እንግዶቹ «ምነው?» ቢሉ «ሐኪም ከልክሏት ነው» በያቸው። ጉርሻሽን ግን እንዳትነፍጊኝ! በምግብ፣ በብርጭቆ፣ በመሳሳም አይተላለፍም። ለየብቻ መሆን ያለበት ምላጭ፣ መርፌና የጥርስ ብሩሽ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። ሆስፒታል አጠገባችን የተኛው ልጅ እናት፣ የአዘዞዋ ሴትዮ፣ ቅዳሜ ገበያ ትገናኛላችሁ አይደል? ልጇ እንደኔ ደም ወስዷል። አሁን ሹፌር ነው፤ ደህና ነኝ ይላል። እኔም ደህና ነኝ እል ነበር። «ለሰው አትንገሪ፣ ስም ይወጣልሻል» እንደምትዪ አውቃለሁ። ምንም ይበሉ፣ እምዬ፤ የእሱ ጉበት ከእኔ ስም ይበልጣል። የእኔን ጉዳይ ሳትደብቂ ንገሪያት።

ልጇ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሂድ። «ልጅ ሆኜ ለካንሰር ታክሜያለሁ፤ ደምም ወስጃለሁ» ይበላቸው። ያንን ካልነገራቸው በምን ያውቃሉ? ለሄፓታይተስ ቢም ለሲም ይመርመር፤ ጉበቱ በደንብ መሥራቱንም በደም ይዩለት። ቢ ከሌለበት ይከተባል። ለሲ ግን ክትባት የለውም፤ ያለው መመርመር ነው።

ሥራ አለብኝ ብሎ እምቢ ካለ ስልኬን ስጪው። እኔ አናግረዋለሁ።

ልጅሽ