ግልጽ ደብዳቤ፦ እናቴ ሳትረሳው መርምሩኝ

ለክልላችን ጤና ቢሮ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ከረሙ? ይህን የምጽፍልዎ ሰው ለመክሰስ አይደለም። አንድ ነገር ልለምንዎ ነው። ጎጃም ውስጥ አዋቂ ሰው "ኦቲዝም ይኖርብኝ ይሆን?" ብሎ ሐኪም ሲጠይቅ የሚላክበት ቦታ ይኑር። ኦቲዝም ማለት አእምሮ ከልጅነት ጀምሮ በተለየ መንገድ ሲያድግ፣ ከሰው ጋር መግባባት የሚከብድበት ነገር ነው።

የ36 ዓመት ሴት ነኝ። መዝገብ ቤት እሠራለሁ። አንድ ፋይል ከቦታው ከተነሳ ገና በሩን ስከፍት ይታወቀኛል። የሚያደክመኝ ሰው ነው። ከባልደረቦቼ ጋር ቡና ልጠጣ ስሄድ የማወራውን ቀድሜ አዘጋጃለሁ። መቼ መሳቅ እንዳለብኝ የማውቀው የሰው ፊት እያየሁ ነው። ማታ ቤቴ ስገባ መብራት አጥፍቼ፣ ነጠላ ተከናንቤ ካልተቀመጥኩ እህል አይወርድልኝም። ልጅ ሆኜ "ጭምት ናት" ይሉኝ ነበር። ሴት ልጅ ዝም ስትል እኛ ዘንድ ምርቃት እንጂ ምርመራ አታገኝም።

አምና ቆርጬ ካርድ አወጣሁ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። ሐኪሙ ትሑት ሰው ነበር፤ በር ላይም ስንት ሰው ይጠብቀዋል። "ለኦቲዝም ልመረመር ነው የመጣሁት" ስለው ከኋላዬ ወደ በሩ አየ።

"ልጁስ?" አለኝ።

ልጁ እኔ ነኝ ማለት አሳፈረኝ። እንደምንም ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠና "ይሄ እኮ የሕፃናት ነው። አንቺ ታወሪያለሽ፣ ደመወዝ ትበያለሽ" አለኝ። የጭንቀት መድኃኒት ጻፈልኝ። ካርዱ ላይ ኦቲዝም የሚል ቃል የለም። መጠየቄ እንኳ አልተጻፈም። መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ይህ እንዴት እንደሚቆጠቁጠው አይጠይቁኝ።

በሐኪሙ አልፈርድም። ኦቲዝም ሲባል አገራችን የምታውቀው ልጆችን ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው ሲሉ ተነስተው እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ጆይ ማዕከልን ባይከፍቱ ኖሮ ቃሉን ራሱ ስንቶቻችን እንሰማው ነበር? ግን ልጆች ያድጋሉ። ኦቲዝም ደግሞ እንደ ኩፍኝ ወጥቶ የሚያልፍ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ የዋለው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባም፣ ነገሩ በልጅነት ቢጀምርም የኑሮ ጫና ከሰውየው አቅም በላይ እስኪሆን ድረስ በደንብ ላይታይ እንደሚችል ይናገራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከ127 ሰው አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ገምቷል። ሕፃን አላለም፤ ሰው ነው ያለው።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ኦቲዝም በደም ምርመራ አይገኝም፤ በራጅም አይታይም። ሐኪሙ ፊቱ የተቀመጠውን ሰው ያያል፤ ከዚያ ስለ ልጅነቱ ይጠይቃል። የእኔን ልጅነት የያዘችው እናቴ ናት።

የምትኖረው ቢቸና አጠገብ፣ ገጠር ነው። ስጠይቃት እንዲህ አለችኝ፦ "ሲኒ አታስነኪም ነበር። እንግዳ ተቀምጦ፣ ቡናው እየተንተከተከ፣ አንቺ ሲኒዎቹን አበባቸውን ወደ አንድ ጎን አዙረሽ ትደረድሪያለሽ። አንዷን ሰው ካነሳት ለቅሶ ነው።" ሠርግ ላይ ጥይቱና እልልታው ሲጀምር ጎተራ ሥር ገብቼ፣ ጆሮዬን ይዤ እቀመጥ ነበር። ጸበልም ወስዳኛለች። ይህን ሁሉ የትኛው ማሽን ያወጣዋል?

እንግዲህ ይህችን ምስክር ይዤ አዲስ አበባ ልሂድ? ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት አለ። ጉልበቷን ያማታል። የመንገዱን ነገር ደግሞ ለእርስዎ አልነግርዎትም።

ሕንፃ ሥሩልን አላልኩም። ደብረ ማርቆስም ይሁን ባሕር ዳር፣ ካሉት የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች በአንዱ፣ በወር አንድ ቀን ለአዋቂዎች ይመደብ። ባለሙያ ይሠልጥን። እናት መምጣት ካልቻለች በስልክ ትጠየቅ። ጥያቄዎቹም የእኛን ቤት ይምሰሉ። እንግሊዝ አገር የተዘጋጀ፣ ለመጀመሪያ ማጣሪያ የሚያገለግል ባለ50 ጥያቄ መጠይቅ አለ። አንዱ ጥያቄ ከድግስ ይልቅ ቤተ መጻሕፍት መሄድ ትመርጣለህ ወይ የሚል ነው። እኔ ባደግሁበት ቀበሌ ቤተ መጻሕፍት አልነበረም። ስለ ጎተራው የሚጠይቀኝ ሰው ነው የሚያስፈልገኝ።

እስከዚያው ድረስ፣ ሐኪሙ መልስ ባይኖረው እንኳ፣ መጠየቄን ካርዱ ላይ ይጻፍልኝ። ይሄ እኮ በጀት አይፈልግም።

ምን ያደርግልሻል ይሉኝ ይሆናል። ኦቲዝምን የሚያድን ኪኒን እንደሌለ አውቃለሁ። የተጻፈልኝ መድኃኒት ግን ለእኔ ችግር ይሁን አይሁን ማወቅ እፈልጋለሁ። አለቃዬን "ከመስኮቱ ወደ ኋላው ክፍል አዛውረኝ" ስለው "ኮራች" ከማለት ይልቅ ምክንያቱ እንዲገባው እፈልጋለሁ። ላይሆንም ይችላል። አይደለም ከተባልኩ እፎይ ብዬ ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ።

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ለፋሲካ ሄጄ "የሲኒውን ነገር እስኪ ድገሚልኝ" አልኳት። ትንሽ አሰበችና "እሱ አንቺ ነሽ ወይስ እኅትሽ?" አለችኝ።

አክባሪዎ፣
አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
ደብረ ማርቆስ