ሳይለንሰር የነፍሰ ገዳይ ዕቃ ብቻ አይደለም

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ባለፈው ሳምንት ስለ ጦር መሣሪያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ከወንበሬ አስነሳኝ። ጸሐፊው የድምፅ ማፈኛን፣ ሰዉ ሳይለንሰር የሚለውን ማለቴ ነው፣ «የነፍሰ ገዳይ ዕቃ» ብለው አለፉት። እሱ የተገጠመለት ጠመንጃ ሲተኮስ ጭጭ ነው አሉ። ይሄ የፊልም ነገር ነው።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በሠራዊቱ ውስጥ መሣሪያ ስጠግን ነው። ጠመንጃ ስፈታ፣ ስገጥም፣ ተኩሼ ስሞክር ኖሬ ዛሬ አዘዞ ቁጭ ብያለሁ፤ ጡረታ ነኝ። ግራ ጆሮዬ በደንብ አይሰማም። ግራው የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። በቀኝ ትከሻው የሚተኩስ ሰው ፊቱን ሰደፉ ላይ ሲያስደግፍ ቀኝ ጆሮው ይከለላል። ግራው ወደ አፈሙዙ ዞሮ ይቀራል። ጆሮ ሲጎዳ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ነው። የወፍ ጩኸት፣ የስልክ ጥሪ፣ የሕፃን ልጅ ንግግር። በእኛ ጊዜ ጆሮውን የሚደፍን ወታደር ይሳቅበት ነበር።

የአደን ጠመንጃ ሲተኮስ ድምፁ፣ ዴሲቤል በሚሉት የድምፅ መለኪያ፣ ከ160 እስከ 170 ይደርሳል። ከ140 በላይ የሆነ የተኩስ ድምፅ ደግሞ በአንድ ጊዜ ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። ጥሩ ማፈኛ ከዚህ ላይ 20 ወይም 30 ዴሲቤል ይቀንሳል። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። የሚቀረው ድምፅ አሁንም ሰፈር የሚቀሰቅስ ነው። አሠራሩ የመኪና ማርሚታ ነው። ከጥይቱ ኋላ የሚወጣው የጋለ ጋዝ በየክፍሉ እየገባ ይሰፋል፣ ይበርዳል፣ ጉልበቱ ይሰበራል። እ.ኤ.አ. በ1909 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው ሂራም ፐርሲ ማክሲም የመኪና ማርሚታም ይሠራ ነበር። አባቱ የማክሲም መትረየስን የሠራው ሰውዬ ነው። አባት ጮክ አድርጎ የጀመረውን ልጅ ዝም ሊያሰኝ ሞከረ ማለት ነው። ግን ማፈኛው የጋዙን ጩኸት እንጂ የጥይቱን አይነካም። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። የአደን ጥይት በሰከንድ 800 ሜትር ገደማ ይበራል። በአየር ላይ እንደ ጅራፍ ሲጮህ የምትሰሙት እሱ ነው። እሱን የሚያስቆም ማርሚታ የለም።

ታዲያ ማን ይገዛዋል? የእህቴ ልጅ ይገዛዋል። ኖርዌይ ነው የሚኖረው፤ በመከር ወራት ከጎረቤቶቹ ጋር ትልቁን የጫካ አጋዘን ያድናል። እዚያ አዳኝ ማፈኛ መግጠሙ የሚያስደንቅ ነገር አይደለም። በቀደም በቪዲዮ ደወለና ሁለት ማፈኛ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ «ጋሼ፣ የቱን ልውሰድ?» አለኝ። አንዱ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ሙሉ በሙሉ ከአፈሙዙ ፊት ይቀመጣል። ሌላው ወፈር ያለ ነው፤ ግማሹ ወደ ኋላ ተመልሶ በርሜሉን ያለብሰዋል።

ዋጋውን ተወው፣ መጀመሪያ ማፈኛው የሚጠመዘዝበትን ጥርስ አሳየኝ አልኩት። በርሜሉ ጫፍ ላይ የወጣው ጥርስና የማፈኛው ጥርስ አንድ ካልሆኑ ሌላው ወሬ ነው። ጥርሱ ቢገጥምም ቀጥ ማለት አለበት። ሥሩ ላይ የፀጉር ያህል ከጠመመ ጫፉ ላይ ብዙ ይስታል፣ ጥይቱም የውስጡን ግድግዳ ይመታል። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለቴ አይቶ፣ ለዚሁ የተሠራውን ቀጭን ዘንግ በበርሜሉ ውስጥ አሳልፎ በካሜራው አሳየኝ። ዘንጉ ከማፈኛው ቀዳዳ መሐል ላይ ወጣ። እንዲህ ነው የሚፈለገው።

የጠመንጃው ጥይት 6.5 በ55 ነው፤ ውፍረቱ 6.5፣ የቀለሁ ርዝመት 55 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ረጅሙ ማፈኛ 7.62 ሚሊ ሜትር ለሚወፍር ጥይት የተሠራ ነው፤ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ለእሱ ጠመንጃ ይሆናል፤ ድምፁ ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ አደጋ የለውም። ግልባጩ ግን ፈጽሞ አይሞከርም። ለጠባብ ጥይት የተሠራውን ሰፊው ላይ የገጠመ ሰው ፊቱ ላይ ፈንጂ እንደገጠመ ይቁጠረው። ማፈኛው ከምን ቢሠራ እንደሚሻልም ጠየቀኝ። ቲታንየም ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ ውድ ነው። ብረቱ ይጠነክራል፣ ግን አፈሙዝ ላይ የሚጨመር ግማሽ ኪሎ ቀኑን ሙሉ ተሸክሞ ለሚሄድ ሰው ቀልድ አይደለም። አሉሚንየም ደራርቦ መተኮስ አይወድም፤ አንድ ሁለት ለሚተኩስ አዳኝ ግን ይበቃል። እሱ የሚገባበት ጫካ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በርሜሉን የሚያለብሰውን አጭሩን ውሰድ አልኩት። ረጅሙ ቅርንጫፍ ሲጎትት ነው የሚውለው።

ገና የሚቀረው ሥራ አለ። ማፈኛ ሲገጠም ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ይቀየራል። ስለዚህ ዒላማ ሜዳ ሄዶ ማነጣጠሪያውን እንደገና ያስተካክላል። ከአደን ሲመለስ ደግሞ ፈቶ ያደርቀዋል። የባሩድ ጥቀርሻና እርጥበት አብረው ካደሩ የአፈሙዙን ጫፍ ይበሉታል።

እዚህ አገር ነገሩ ሌላ ነው። መሣሪያ በአዋጅ 1177/2012 የሚተዳደር ስለሆነ ማንም ከፖሊስ ሳይጠይቅ አንድም ነገር እንዳይገጥም። ይህን የምለው ወድጄ አይደለም። አንድ የሰፈራችን ጎረምሳ የውኃ ቧንቧ ይዞ ማፈኛ ሊያሠራ ቶርኖ ቤት ሊሄድ ሲል መንገድ ላይ ነው የመለስኩት።

ለጎንደሬ ግን የሚያስፈልገው ማፈኛ አይደለም። ሠርግ ላይ ማፈኛ የገጠመ ክላሽ ይዞ የሚመጣ ዘመድ ቢኖር ሙሽራውም ይስቅበታል፤ የደስታ ተኩስ የሚተኮሰው እንዲጮህ ነውና። እኔ የምለው ሕፃናቱን ከተኩሱ አርቁ፣ ጥይቱም የወጣበት ብቻ ሳይሆን የሚወርድበት ቦታ አለው። በአደንም በልምምድም ሜዳ የምትተኩሱ ደግሞ የጆሮ መድፈኛ አድርጉ። ማፈኛ ለገጠመው የእህቴ ልጅም እንደዚሁ ነው ያልኩት። ሳቀ፣ ግን አንድ ጥንድ ገዛ።

ጸሐፊው ቀጣዩን ክፍል ሲጽፉ ስለ ጆሮ ጥቂት መስመር ቢጨምሩ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛው የመሣሪያ ጠጋኝ
አዘዞ፣ ጎንደር